ባህር ዛፉን ለማስቆረጥ ስለላክሽው ገንዘብ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስም ዝናቡ ቆሞላት ፀሐይ ወጥቶላታል። የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። «አንድ ዛፍ ለመቁረጥ ይህን ሁሉ?» ብለሽ ለወንድምሽ የጻፍሽለትን አሳየኝ። አልተቀየምኩም። እኔም ዋጋውን ስሰማ ከዚያ የባሰ ተናግሬያለሁ።

እኛ ጎጃሞች ባህር ዛፍ ለማስቆረጥ ገንዘብ መክፈል መች ለመደብን? ተቀባዮቹ እኛ ነን። አጎትሽ የታችኛውን ማሳ ባህር ዛፍ ሲሸጥ ነጋዴው በቁሙ ገዛው። ቆራጮቹንም መኪናውንም ራሱ አመጣ። አጎትሽ ብሩን ቆጠረ እንጂ ምሳር አላነሣም። ታዲያ ያው ባህር ዛፍ ጓሯችን ውስጥ ሲሆን ለምን እኛ ከፋይ ሆንን?

ማሳ ላይ ያለው በየትም ቢወድቅ የሚጎዳው ሣር ነው። የእኛው ወደ ማድ ቤቱ አዘንብሏል። በአንድ ጎኑ የመብራት ሽቦ፣ በሌላው የጎረቤት አጥር አለ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሥሩ እየተነሣ ነው ማለት ነው። ሌላ ክረምት እንዲያድርብኝ አልፈልግም።

መጀመሪያ የሰፈር ጎረምሶች መጡ። «እማማ፣ በገመድ ወደዚያ ጎትተን እንጥለዋለን፤ እስከ ምሳ ያልቃል» አሉኝ። የጠየቁት አሁን የተዋዋልኩት ሰውዬ ከጠየቀው ሲሶውን አይሞላም። የት ቆማችሁ ነው የምትጎትቱት ብላቸው ያሳዩኝ ቦታ ዛፉ ሲጋደም የሚደርስበት ነው። አንዱ ልጅ ቢጎዳ ለእናቱ ምን ብዬ እነግራለሁ? ሐኪም ቤቱንስ ማን ይከፍላል? ያ ወጪ እነሱ በነገሩኝ ዋጋ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ሞተር መጋዝ ያለው ሰውዬ መጣ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየ። ግንዱን በምሳር ጀርባ እየመታ ባዶ ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ አዳመጠ። ከሥሩ እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ ፈለገ፤ እንጉዳይ ካለ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው አለኝ። መሰላል አስደግፎ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ሊወጣ ሲል ጠላ ብቀዳለት «ስወርድ እማማ» ብሎ መለሰልኝ። እኔ እንኳ ልቤ የረጋው እዚያ ላይ ነው።

እሱ እንዳስረዳኝ ሜዳ ላይ ያለን ዛፍ መጣል የደቂቃዎች ሥራ ነው። በሚወድቅበት በኩል እስከ ግንዱ ሩብ ድረስ ቆርጠው እንደ አፍ ይከፍቱታል። ከዚያ ከጀርባው ይቆርጡና መሐል ላይ ትንሽ እንጨት ያስቀራሉ፤ ዛፉ በእሷ እየታጠፈ ወዳሰቡት ይሄዳል። ሰው ሁሉ ደግሞ የዛፉን ቁመት 2 እጥፍ ያህል ይርቃል። የእኛ ጓሮ ለዚያ የሚበቃ ቦታ የለውም። ስለዚህ በገመድ ታስሮ ይወጣና ከአናቱ ጀምሮ እየቆራረጠ፣ እያንዳንዱን በገመድ ወደ ታች ያወርዳል። ታች ገመዱን የሚይዙ 2 ሰዎች አሉት። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ገንዘቡ የሚሄደው ለዚህ ነው።

«እንጨቱን ሸጠሽ አካክሺው» ብለሻል። አስቤው ነበር። ግን ሲቆራረጥ ለቤት መሥሪያ አይሆንም፤ ማገዶ ብቻ ነው። ማገዶው ለእኛ ይቀራል፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን እሱ ወስዶ ትንሽ ቀንሶልኛል።

ጎረቤታችን «አናቱን ብቻ አስቆርጪው፣ ይረክሳል» ስትል ሰምተሽ ይሆናል። አይሆንም። ከተቆረጠው ላይ የሚያቆጠቁጠው አዲሱ ቅርንጫፍ ከላይ ከላይ የተጣበቀ ነው። ሲከብድ ነፋስ ይገነጥለዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ልንከፍል!

ጉቶው ሌላ ሒሳብ ነው። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ እንደሚበቅል ታውቂያለሽ፤ ማሳ ላይ የምንወድለት ጠባዩም ይኸው ነው። ነቅሎ ለማውጣት ብዙ ስለጠየቀኝ ተውኩት። ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ልጦ አፈር ያለብስልኛል። የሚያቆጠቁጠውን ወንድምሽ በየጊዜው ይመለምላል።

ደጁ ላይ ያለውን ዋንዛ ግን አላስነካም። አገር በቀል ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ጤነኛም ነው። ሰውዬው የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ ያነሣል። ጫማው ላይ የሚያስረውን ሹል ብረትም ዋንዛው ላይ አያደርግም፤ በቁሙ የሚቀረውን ዛፍ ያቆስላል አለኝ።

ውላችን በጽሑፍ ነው፤ 2 ምስክር አለበት። ማድ ቤቱ ቢሰበር እሱ ይሠራል። ለቤንዚን ጥቂት ሰጥቼዋለሁ፤ የቀረውን ሥራው ሲያልቅ ይቀበላል። ዋጋው ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ለሦስተኛ ሰው አሳይቼ ባወዳድር ደስ ባለኝ፤ ግን እዚህ ዛፍ ላይ ወጥቶ በሞተር መጋዝ የሚሠራ እንደ ልብ አይገኝም።

ሥራው ቅዳሜ ነው። ሰውዬው «ሽቦው ሳይጠፋ አልወጣም» ስላለ ወንድምሽ መብራት ኃይል ሄዶ አመልክቷል፤ እናጠፋለን ብለውታል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ስልኬ ቢዘጋ ባትሪ አልቆ ነውና አትደንግጪ።

እናትሽ