ጅቡቲ ላለችው ጓደኛዬ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የኔ ውድ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሱቁስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማም እንዳለች ናት። ዝናቡ አባርቶ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ ባጃጁም እሱን እየሸሸ ያልፋል።

መጀመሪያ ዕዳዬን ልናገር። አራት ዓመት ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም፣ ረስቼሽም አይደለም። ያበደርሽኝን ገንዘብ በስድስት ወር እመልሳለሁ ብዬሽ ነበር። ያን ዓመት ግን ቡናዬን ማድረቂያ አልጋ ላይ እንዳለ ዝናብ መታው፣ ሻገተ። የተረፈውን የወሰደው ነጋዴም ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። አንቺ ሁለት ጊዜ ደወልሽ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ስምሽን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛ አልደወልሽም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሳይሆን ዝምታው ከበደኝ። አንድ ወር ያልደወለ ሰው በሁለተኛው ወር ምን ብሎ ይደውላል? በዓመቱስ?

ባለፈው ሳምንት ሙሉውን ለወንድምሽ አስረክቤያለሁ። አስፈርሜዋለሁም፤ ታውቂኛለሽ።

ዕዳ ከፈልኩ ብዬ ትንፋሽ ሳልወስድ ደግሞ ሌላ ልለምንሽ ነው። ሳቂብኝ።

ነገሩን ያመጣው ታናሹ ነው። አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ አንቺ የምታውቂው ሱሪው እየወለቀበት ሲሮጥ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየ። አንድ ሰው ባሕር ውስጥ ታክሲ ከሚያክል ነጠብጣብ ዓሣ ጎን ይዋኛል። «እማ፣ ይሄ የት ነው?» አለኝ። ጅቡቲ ይላል። «ያቺ የማትደውዪላት ጓደኛሽ ያለችበት?» አለኝ እልሻለሁ! ልጅ እኮ የማይሰማው ነገር የለም። እህቱ 15 ሞልቷታል፤ እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። «ማየት ብቻ ምን ያደርጋል፣ መጥለቅ እንማር» አለች። ተባብረው ሦስት ወር ጆሮዬን በሉት።

እኔ ላንጋኖ ይበቃቸዋል ባይ ነበርኩ። ከውሃ ጋር ያለኝን ነገር ታውቂያለሽ። አዌቱ ሞልቶ ጫማዬን የወሰደብኝ ቀን ትዝ ይልሻል? አንዱን ጫማሽን አውልቀሽ ሰጥተሽኝ ሁለታችንም በአንድ በአንድ እግር ጫማ እያነከስን ፈረንጅ አራዳን ስናቋርጥ ሰው ሁሉ ሲስቅብን? እኔ ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም።

ግን የማላውቀውን ነገር እምቢ ማለት ደስ አይለኝም። ስለዚህ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። ብዙዎቻችን ጠላቂዎቹ ኦክስጅን ተሸክመው የሚገቡ ይመስለናል። ለካ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እኔና አንቺ የምንተነፍሰው ያው አየር ነው፤ ታምቆ ነው እንጂ። የጀማሪው ኮርስ «ኦፕን ዋተር» ይባላል። ከ10 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። 15 የሞላው የአዋቂውን ወረቀት ይዞ እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ የታዳጊ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሲጠልቅም አዋቂ አብሮት መሆን አለበት። ልጅቷ ንባቡን እዚሁ በኢንተርኔት ትጨርሳለች። ከዚያ ረጋ ባለ ውሃ ልምምድ፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ አራት ጊዜ መጥለቅ። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው። የዶላሩን ነገር አታንሺብኝ።

ፈተናም አለው። 200 ሜትር መዋኘት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ምንም ሳይዙ ውሃ ላይ መቆየት። እዚህ አንድ ሆቴል ገንዳ አለው፤ በእርምጃ ስለካው 20 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አሥር ጊዜ። ባለፈው እሁድ ልጅቷ ገባች፣ እኔ ዳር ተቀመጥኩ። ቁጥር እንዳይጠፋኝ ከጃኬቴ ኪስ አሥር ፍሬ ቡና አውጥቼ ከግራ መዳፌ ወደ ቀኝ አንድ አንድ እያልኩ ማዛወር ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ እጇ ከበዳት፤ ውሃውን መቅዘፍ ትታ መምታት ጀመረች። ቡናው መዳፌ ውስጥ በላብ ረጠበ። አሥረኛውን ሳዛውር የገንዳውን ጠርዝ ያዘችና «ስንት ቀረኝ?» አለችኝ። «ጨርሰሻል» ብላት አላመነችም። እጄን ፈልቅቃ ቡናውን ቆጠረች።

የታናሹ ግን አልሆነም። መጠይቅ አለ፤ አስም አለብህ ወይ ይላል። ሕፃን ሳለ ይዞት ነበር፣ አሁንም ክረምት ላይ አንዳንዴ ስፕሬይ ይጠቀማል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ለልጁ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳው። አሥር ሜትር ስትወርድ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ እዚያ የሳብከው አየር ሽቅብ ስትወጣ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ለዚህ ነው ጠላቂ ትንፋሹን በፍጹም መያዝ የሌለበት። አንተ ባትይዘውም አስሙ ከያዘብህ ሳንባህ ይጎዳል አለው። ዘንድሮ አይሆንም፣ ወደፊት ተመርምረህ እናያለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ልጁ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ነው መጥቶ «ከላይ ሆኖ ማየትስ?» ያለኝ።

ደግነቱ ዓሣው የሚታየው ከላይ ነው! ዌል ሻርክ ይሉታል። ሻርክ ይባል እንጂ ሰው አይነካም፤ አፉን ከፍቶ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት እያጠለለ ነው የሚኖረው። ምግቡ ከላይ ስለሆነ እሱም ከላይ ነው። ማስክና መተንፈሻ ቱቦ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ በቃ። እሱ የፈለገው ነገር ሲሊንደር ቀድሞውንም አያስፈልገውም ነበር።

ቀኑን መቁረጥ ነው ያስቸገረኝ። የኛ ልጆች ረጅም እረፍት ክረምት ነው። ክረምት እናንተ ጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አንቺ ራስሽ ሐምሌ ሲገባ ድሬዳዋ ትሸሺ የለ። ኬንያንም አስቤ ነበር፣ ሞምባሳ አጠገብ ያለውን ዲያኒን። እዚያም ሐምሌ ላይ ከደቡብ የሚነሳው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ስለዚህ የቀረችን ከጥምቀት በኋላ፣ ፈተና ሲያልቅ ያለችው አጭር እረፍት ናት። ዓሣውም ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ለእኔም ቡናው ተሽጦ እጄ ላይ ገንዘብ ያለኝ ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ ሞኝነቴን ስሚ። ከጠለቁ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም። ብዙ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል፤ 24 ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱን ለልጆቹ በአምቦ ውሃ አስረዳኋቸው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና አረፋው ይፈላል አይደል? ከጥልቅ የወጣ ሰው ደም ውስጥም የተጠራቀመ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ አለ፤ ጋዙ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። እኔ ታዲያ ተራቀቅሁ፤ በባቡር እንመለሳለን፣ አንድ ቀን እናተርፋለን አልኩ። ለካ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! ባቡሩም ያው ሽቅብ ነው የሚወጣው። እኛ ደገኞች አገራችን መግባት በራሱ መብረር ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ደረቅ መሬት ላይ፣ አንቺ ቤት፣ ቡና እያፈላን እንውላለን።

የጆሮው ነገር አላሳሰበኝም። ጊቤ በረሃን ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው ነው። ባሕር ውስጥ ግን ገና ሁለት ሜትር ሳይወርዱ ይጀምራል፤ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ነው። ልጅቷ ምራቋን በመዋጥ ትከፍተዋለች፣ ጊቤ ላይ ሞክራዋለች።

ከአንቺ የምፈልገው እነሆ። እናንተ ጋ ፈረንሳይኛ ይበዛል፤ የኔዋ ከ«ቦንዡር» አታልፍም። እንግሊዝኛ ወይም አማርኛ የሚችል አስተማሪ ፈልጊልኝ። ለሙሻ ደሴት በጀልባ የሚወስዱትንም ጠይቂ፤ መሣሪያቸው እንዴት እንደተያዘ በዓይንሽ እይው፣ በስልክ የሚሉሽን አትመኚ። ያንቺም ትልቋ 13 ሳይሞላት አይቀርም። አብራት ትማር፤ ባሕር ዳር አድጋ ዋና አትችልም ብለሽ ስታማርሪ ነበር። ካልቻለች ግን ከአሁኑ ይጀመር፣ 200 ሜትሩን ማንም አይምራትም።

ዋናው ግን ሌላ ነው። እነሱ ሲጠልቁ ጀልባው ላይ አብረሽኝ ትቀመጪያለሽ። ያቺ ልጅ ከውሃው ሥር ሆና እኔ ከላይ አረፋዋን ብቻ ሳይ ብቻዬን አልችለውም።

በጭነት መኪና የሚመጣ የሰፈራችን ሹፌር አለ፤ ሦስት ኪሎ ቡናና አንድ ማሰሮ ማር ልኬብሻለሁ። ማሩን ለብቻ እሰረው ብየዋለሁ፤ ካፈሰሰው ቡናውን እጠቢው እንጂ እንዳትጥዪው።

ደውዪልኝ። ቁጥሬ ያው ነው። አሁን አነሳለሁ።