ውሃ ቤንዚን አይቆጥብም

ክቡር አዘጋጅ፣

ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅኑን ወደ ሞተር የሚልክ መሣሪያ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ይሸጣል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሒሳቡን ይይ። በተከታታይ የተያያዙ ስድስት ሴሎች (ውሃው የሚከፈልባቸው የመሣሪያው ክፍሎች) በ13.8 ቮልት 20 አምፔር ሲስቡ 276 ዋት ይበላሉ። የሚወጣው ጋዝ በደቂቃ 1.25 ሊትር ገደማ ነው፤ ሃይድሮጅኑ የዚህ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ሲቃጠል የሚሰጠው 150 ዋት ያህል ሙቀት ብቻ ነው። ዲናሞው ያን 276 ዋት እንዲያመነጭ ግን፣ የራሱና የሞተሩ ብክነት ሲታከልበት፣ 2,000 ዋት ገደማ የሚያህል ቤንዚን ይቃጠላል።

አገጣጠሙም ያሳስባል። ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ተብሎ የገበታ ጨው ከተጨመረበት መርዛማ ክሎሪን ይወጣል። ሬሌው (ለመሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ከመኪናው ቁልፍ ጋር ብቻ ከታሰረ ደግሞ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሲጠፋ ጋዙ አየር ማስገቢያው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲነሳም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሬሌው ሞተሩ ሲቆም አብሮ መቋረጥ አለበት፤ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስም በመስመሩ ላይ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ያስፈልጋል።

ቁጠባ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ከሚገጠም፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ምልክት ከሚያዛባ ትንሽ ሰርኪዩት የሚመጣ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን ይቀንሳል፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፤ ቫልቭም ሊቃጠል ይችላል። ያስገጠመ ሰው አስቀድሞ ይህን ሰርኪዩት ያስፈታ።