ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጎደለው 1,800 ብር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ እንደ ልማዱ ጀምሯታል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ነበር። ካርድሽን ከነሚስጥር ቁጥሩ አብራሽ ለምትኖረው ልጅ እየሰጠሽ ደመወዝሽን እንደምታስወጪ፣ አሁን 1,800 ብር ጎደለብኝ ብለሽ ከልጅቷ ጋር እንደተኳረፋችሁ ነገረችኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ የኤቲኤም ሰልፍ መያዝ እንደሚያታክት ይገባኛል። ቢሆንም የሚስጥር ቁጥር ለሰው አይነገርም። ለጓደኛ አይነገርም፣ ለአክስትሽም፣ ለእኔም።

ይህን የምልሽ ሌባን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የነገርሽው ሰው አንድ ብር ባይነካብሽም፣ ገንዘብ በጎደለ ቀን የሚጠረጠረው እሱ ነው።

የባንኩን ዘበኛ ነገር ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ግን አልነገርኩሽም። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መነጽሬ ተሰብሮ የማሽኑ ፊደል አልታይ ሲለኝ ካርዱን ለዘበኛው እሰጠውና አራቱን ቁጥር በጆሮው እነግረው ነበር። ብሩን ቆጥሮ ከነደረሰኙ ያስረክበኛል፤ ደረሰኙን እዚያው እጥላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን 3,000 ብር ጎደለ። ባንኩ መሐል ቆሜ ጮህኩ። «ከእሱ በቀር ቁጥሬን የሚያውቅ የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር፣ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። በሳምንቱ ስሄድ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

እስቲ የሂሳብ መግለጫ አውጣ ብላ የጎተጎተችኝ እናትሽ ናት። የባንኳ ልጅ ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየተከተለች ወርዳ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «አባባ፣ ይህ በካርድ የወጣ አይደለም፤ እዚሁ መስኮት ላይ የተላለፈ ነው» አለችኝና ሰነዱን አስመጣች። ለወንድሜ ተዝካር ደሴ የላክሁት ገንዘብ ነበር። ፊርማው የእኔ ነው፣ ያ አንቺ የምትስቂበት፣ ጅራቱ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚጎተተው። በኀዘኑ ብዛት ከአእምሮዬ ጠፍቶ ኖሯል። ሰውየውን ባፈላልግ አገሩ ገብቷል አሉኝ። የት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ፤ እኔም ስሙን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ለእናንተ «ብሩ ተገኘ» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

አሁን የማዝሽን ስሚ። ነገ ከፈረቃ ስትወጪ፣ ሳትተኚ፣ ማሽኑ ዘንድ ሂጂና የሚስጥር ቁጥሩን ራስሽ ቀይሪ። የልደት ዓመትሽን እንዳታደርጊው፤ እሱን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ፋይዳሽን ይዘሽ ቅርንጫፉ ግቢና የሦስት ወር መግለጫ ጠይቂ። ዴቢት የሚለው የወጣው፣ ክሬዲት የሚለው የገባው ነው። እኔ ክሬዲት ዕዳ እየመሰለኝ ጡረታዬ በገባ ቁጥር ስደነግጥ ከርሜአለሁ። ባንኩ በስልክሽ የሚልካቸውን መልእክቶች ስልኬ ሞላ ብለሽ አታጥፊ፤ ከመግለጫው ጋር እያንዳንዷን ቀን አስተያዪ። ወደ ቴሌብር ያዛወርሽው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። አንቺ ደግሞ የላክሽውን መርሳት ከእኔ ወርሰሻል።

ቁጥሮቹንም አትቀላቅዪ። በ1000 የሚጀምረው 13 አሃዝ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥርሽ ነው፤ ብር ለሚያስገባልሽ ሰው ብትሰጪው ምንም አይደል። ካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ ግን ሌላ ነው፤ ካርዱን ፎቶ አንስተሽ ለማንም እንዳትልኪ። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ በመልእክት የደረሰሽን ቁጥር ንገሪኝ» የሚል ከመጣ ዝጊበትና አንቺው 951 ደውዪ። የሚስጥር ቁጥር ለሰው አይነገርም ብዬሻለሁ፤ በመልእክት የሚመጣውም ያው ነው።

ደብዳቤውን የጀመርኩት ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን በርዶልኛል። ብሩ ቢጠፋም አንቺ ደህና ሁኚልኝ። ግን ልጅቷን መግለጫውን ሳታዪ ሌባ እንዳትያት። ብለሻት ከሆነም ዛሬውኑ አናግሪያት፤ ቤት ለቅቃ ከሄደች የት ታገኛታለሽ?

እናትሽ በሶ አዘጋጅታለች፤ አክስትሽ ዓርብ በሚነሣው አውቶቡስ ትልክልሻለች። ሁለት ፌስታል ነው። ትንሹ የልጅቷ ነው፤ አክስትሽ ስሟን ስላልነገረችኝ «ለጓደኛዋ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አባትሽ