ክፍት ወንበር ጉዳይ አይከታተልም፦ ለማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሠራተኛ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሣና የሥራ ጫናው በሐቅ እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን በአደባባይ የምንጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው ሁሉ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ተመርቶ፣ የሚመለከተው ሰው ስለጠፋ ነው። ደንብ እየጠቀስን አናደክምዎትም፤ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፣ የፈረሙበትም እርስዎ ነዎት።

አንዲት ባልደረባችን የተመሩላትን ጉዳዮች በወቅቱ መድረስ እንደማትችል ለቅርብ አለቃዋ በጽሑፍ አሳወቀች። ምላሽ አልተሰጣትም። ኋላ አንድ የቤት ለቤት ጉብኝት ሪፖርት ሲዘገይ ግን መሥሪያ ቤቱ ለካ መጻፍ ይችላል፤ «የሥራ ቸልተኝነት» የሚል ማስጠንቀቂያ ወዲያው ደረሳት። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሯ ጋር ተያይዟል። አስቀድማ ያስገባችው ማመልከቻ ግን እዚያው ማኅደር ውስጥ የለም።

ቸልተኝነት ከተባለ እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። 30 ቤተሰብ የያዘች ሠራተኛ እያንዳንዱን በወር 2 ጊዜ ትጎብኝ ስትባል 60 ጉብኝት ነው። ቤቱ ውስጥ 1 ሰዓት፣ ለደርሶ መልስ መንገድ 1 ሰዓት፣ ማስታወሻ ለመጻፍ 40 ደቂቃ ብንል ድምሩ 160 ሰዓት ይመጣል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በ4 ሳምንት ያለውም ይኸው 160 ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት ስልክ የለም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ሌሊት ተደብድቦ ያደረ ልጅም ድንገት አይመጣም። ከመጣ አንድ ጉብኝት ይወድቃል፤ የወደቀው በሚቀጥለው ሳምንት ላይ ይደረባል።

ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ማስታወሻው ነው፤ ቤተሰብ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወረቀት ግን አይጮህም። ከቀናት በኋላ በትውስታ ሲጻፍ ልጁ ክንድ ላይ የታየው ሰንበር በቀኝ ይሁን በግራ ይምታታል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ጉብኝቱ በስልክ ይተካል። በስልክ ባዶ ጓዳ አይታይም፤ ልጁም ወላጁ በሌለበት ለብቻው አይጠየቅም። ቅጹ ላይ ግን «ክትትል ተደርጓል» ይላል።

የእርስዎ ሪፖርት ለአንድ ሠራተኛ 20 ጉዳይ እንደሚደርሰው ይናገራል። እንዴት እንደወጣ እናውቃለን፤ 240 ጉዳይ በ12 የሥራ መደብ ሲካፈል 20 ነው። ከመደቦቹ 3ቱ ክፍት ከሆኑና አንዷ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ላይ ካለች ግን የሚካፈለው ለ8 ሰው ነው፤ 30 ይሆናል። በዚያ ላይ አዲስ ተቀጣሪ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ይቆጠራል፣ ለሚያሠለጥነው ነባር ሠራተኛ አንድ ፋይል እንኳ አይቀነስለትም። የጉዳዩ ክብደትማ ጭራሽ አይነሣም። የአንድ አረጋዊ የድጎማ እድሳትና ከወላጆቹ ተለይቶ ማደር ያለበት ልጅ ጉዳይ፣ ሁለቱም በሠንጠረዡ ላይ እኩል «1» ናቸው። ከ8ቱ አንድ ሰው ሲለቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ34 ያልፋል፤ የሚቀጥለው መልቀቂያ የሚጻፈውም ያኔ ነው።

ለአቤቱታችን የተሰጠን ብቸኛ መልስ የግማሽ ቀን «የጭንቀት አያያዝ» ሥልጠና ነው። በረጅሙ መተንፈስ ተምረናል፤ እናመሰግናለን። የዚያን ቀን ጉብኝቶች የሠራልን ሰው ስላልነበረ በማግስቱ አምሽተው የሠሩት ራሳቸው ሠልጣኞቹ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የሥራ ዝለትን በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ የሚመረመረው የሥራ ቦታው እንጂ የሠራተኛው አተነፋፈስ አይደለም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ውጤታማ ያለመሆን ስሜት። ለእኛ ሥራ ሁለተኛው ከሁሉ ይከፋል። ባለጉዳይን በስሙ ሳይሆን በፋይል ቁጥሩ መጥራት፣ እናት ስታለቅስ ሰዓት ማየት፣ «እነዚህ እንደሆኑ አይለወጡም» ማለት ሲጀመር ሠራተኛው ቢሮ ይገባል፣ ይፈርማል፣ ቅጽም ይሞላል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ሠራተኛው ስለያዛቸው ጉዳዮች ከአለቃው ጋር የሚመካከርበት ጊዜ፣ ይህን ገና ሲጀምር ለመያዝ ነበር የታሰበው። ዛሬ ያለው ሱፐርቪዥን ግን «ስንት ዘጋሽ፣ ስንት ቀረሽ» ብሎ ያልቃል።

ማስጠንቀቂያው ይነሣ፤ የባልደረባችን ማመልከቻም ወደ ማኅደሯ ይመለስ። የጉዳይ ብዛት በመደብ ሳይሆን በየወሩ በትክክል ሥራ ላይ በተገኘ ሰው ይካፈል፣ አስቸኳይ የሕፃናት ጉዳይም ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጠው። ሱፐርቪዥን ቁጥር የማይጠየቅበት፣ ቋሚ ሰዓት ይኑረው።

እስከዚያው ግን አንድ ሠራተኛ 20 ጉዳይ ከያዘ በኋላ የሚመራለትን አዲስ ፋይል «ሠራተኛ ያልተመደበለት» ብለን በመሸኛ ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ እንመልሳለን። 20 ይደርሳችኋል ያሉት እርስዎ ነዎት። መሸኛውን ሲቀበሉ ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙልን።

የጉዳይ ክትትል ክፍል ሠራተኞች

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው፣ ካለ