ሰጋር በቅሎ ጥርሷን ስታጋጭ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በአንባቢያን ጥያቄ ዓምዳችሁ ላይ ፈረሱ በጉዞ ላይ ጥርሱን እያጋጨ ያስቸገረው ሰው የላከውን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ አነበብኩ። መልሱ ባጭሩ እንዲህ ያለ ፈረስ ወይ ታሟል ወይ ክፉ ዐመል ይዟል፤ የአፉን ማሰሪያ ጠበቅ ማድረግ ነው የሚል ነበር። ገጹን በስልኬ የላከችልኝ ልጄ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። አንዲት በቅሎ በዚሁ ምክር አፏ ሲታሰር በዓይኔ አይቻለሁና።

ትውልዴ መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ዳማ የምንላት ቀይ በቅሎ ነበረቻቸው፤ በርኖሳቸውን ደርበው ሲወጡ እኔ ከኋላ እፈናጠጥና ወገባቸውን እይዛለሁ። ዳማ ሰጋር ነበረች። ቃሉን ለማያውቅ የከተማ ልጅ ልንገረው፦ ሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ እግሮቹን በሰያፍ ሁለት ሁለት እያነሣ ስለሚጥል ተቀማጩን ወደ ላይ ወርውሮ መልሶ ይቀበለዋል። ሰጋር ግን አራቱን እግሮቿን አንድ ባንድ ነው የምታሳርፈው፤ መሬት ያልለቀቀ እግር ምንጊዜም አላት። ኮቴዋን ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው እኩል የሚመታ አራት ምት ነው። ወገብ አይመታም፣ ሆድ አይንጥም። አባቴ በቅል የቀዱትን ጠበል በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ዛቡን ይዘው፣ ጠብታ ሳይፈስባቸው ቤት ይገቡ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ አባቴ ዛቡን ላላ ያደርጉላታል። ያን ጊዜ ዳማ አንገቷን ከፍ ዝቅ ማድረግ ትጀምራለች። ረጃጅም ጆሮዎቿ ከእርምጃዋ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከአፏ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ጥርሷ ነው፣ ከኮቴዋ ምት ጋር የገጠመ። አባቴ መንገድ ላይ ዳዊት በቃላቸው ይደግሙ ነበር። አንድ ቀን ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እሷም ዳዊቷን ይዛለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ በቤታችን ስሙ ይኸው ሆነ። ዳማ ዳዊት ያዘች ካልን መንገዱ ተመችቷታል፣ ሆዷ ደኅና ነው፣ ኮርቻው አልቆረቆራትም ማለት ነው። ድምፁ ከጠፋ አባቴ ይወርዱና ጀርባዋን በእጃቸው ይዳስሳሉ። አንድ ጊዜ ከግላሱ ሥር የገባ እሾኽ ያገኙት በዚህ ነበር።

አባቴ ያረፉት እኔ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ለተዝካሩ ወጪ ዳማ ተሸጠች። የገዛት ሰው ድምፁን ሲሰማ ጥርስ ማፋጨት ለቤት አይበጅም ብሎ መንጋጋዋን በጠፍር አሰረው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በገበያ ቀን አየኋት፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ ደርቋል፣ ጆሮዋ አይንቀሳቀስም፣ በደህና መንገድ ላይ ትደናቀፋለች። ሰውዬው ድንጋይ ሆነችብኝ እያለ በአለንጋ ይመታት ነበር። አፏን ፍቱላት ማለት ነበረብኝ። ልጅ ነበርኩ፤ የሙት ልጅም ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ፣ በቴነሲ ነው። ናሽቪል ውስጥ ብዙ ዓመት የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ቆይቼ፣ ካለፉት 6 ዓመታት ወዲህ ከከተማው በስተደቡብ ባለ አንድ የፈረስ እርባታ ውስጥ እሠራለሁ። ጋጣ እጠርጋለሁ፣ ድርቆሽ አድላለሁ፣ ፈረሶቹን ከማሰማሪያው አመጣለሁ። በገባሁ በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ግንባረ ነጭ ባዝራ ላይ ተቀምጠው ከሜዳው ሲመለሱ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አካፋዬን ጥዬ ቆምኩ። አንገቷ ከፍ ዝቅ፣ ጆሮዋ ወዲያና ወዲህ። ለዳማ አልቅሼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን አለቀስኩ። ሽማግሌው ወርደው ምን ሆንሽ አሉኝ። ይህች ፈረስ ምን እያለች ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደስ ብሏታል አሉኝ፤ እዚህ አገር ሰው ይህን ድምፅ ለመስማት ገንዘብ ይከፍላል አሉ። ባዝራዋን እኔ በልቤ ቦራ ብያታለሁ።

ዘሯ የቴነሲ ሰጋር ፈረስ ነው። በመዝገባቸው የመጀመሪያውን ቁጥር ያገኘው ጥቁር ድንጉላ አለን ይባላል፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ያስወለዱት በሶምሶማ እሽቅድድም ሠረገላ እንዲጎትት ነበር፤ እግሩ ግን ሶምሶማ እንቢ አለ፣ የአንድ ወገን እግሮቹን አብሮ እያነሣ መሄድ ወደደ። ለእሽቅድድም አይረባም ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በመጨረሻ ከእሱ ዘር ይህ ሁሉ ተገኘ። የአርቢዎቹ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን መቀመጫው ሉዊስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእኛ እርባታ ሩቅ አይደለችም። በድሮ ጊዜ እንዲህ ባለ ፈረስ የሚሄዱት ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የሚውሉ ሰዎች፣ የእርሻ ተቆጣጣሪዎች፣ ሐኪሞችና ከደብር ወደ ደብር የሚዞሩ ሰባኪዎች ነበሩ። ይህን ስሰማ አባቴን አሰብኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው በየትም አገር የሚፈልገው እንስሳ አንድ ነው ማለት ነው።

ድምፁ እንዴት እንደሚመጣ ቦራን ስመለከት ነው የገባኝ። የኋላ እግሯ የፊተኛው ከረገጠበት ዱካ አልፎ ነው የሚያርፈው፤ ጭቃ ላይ በእጄ ለክቼዋለሁ፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይሆናል። እንዲህ ሰፊ እርምጃ ስትወስድ ጭንቅላቷ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር ወደ ታች ይወርድና ይነሣል። መንጋጋዋ ከላላ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ጋር በዚያው ምት ይነካካል። መንጋጋዋን ካጠበቀች ግን ድምፅ የለም። ስለዚህ የምንሰማው ጥርስ ቢሆንም የሚነግረን ስለ ጡንቻ ነው፦ ፈርታ ያልጨበጠችው፣ አሟት ያልነከሰችው መንጋጋ። ሁሉም ሰጋር ጥርሱን አያጋጭም። በእርባታችን ካሉት ውስጥ አንዱ ጥርሱ ዝም ይልና የታችኛው ከንፈሩ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላው ጆሮዎቹን እንደ ተልባ አበባ ይጥላቸዋል እንጂ አፉ አይሰማም። ቦራ ራሷ ሁልጊዜ አታደርገውም። አዲስ ሰው ሲቀመጥባት የለም። አስፋልት ላይ የለም። ሽማግሌው ሲቀመጡባት፣ በአፈር መንገድ፣ ፊቷን ወደ ቤት ከመለሰች በኋላ ነው የምትጀምረው። ገንዳዋ ዘንድ ስትደርስ ደግሞ ከመጠጣቷ በፊት በውሃው ላይ ፍርርር ትላለች፣ ውሃው ፊቷ ላይ እስኪረጭ ድረስ፤ ከዚያ ትቆምና ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች።

ይህ ፍርርር የሚሉት ነገር በጥናትም ታይቷል። በፈረንሳይ የሬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 48 ፈረሶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፈረሶች ፍርርር የሚሉት ተዘግተው ከሚቆሙበት ጋጣ ይልቅ መስክ ላይ ሲሆኑና ጆሯቸው ወደ ፊት ሲያይ፣ ማለት ደስ ሲላቸው፣ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ድሮ አቧራ ከአፍንጫቸው ለማስወጣት ብቻ ነው ይባል ነበር። መስገር ራሱም ከጀርባ አጥንት ውስጥ የሚጀምር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን ኡፕሳላ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች የሰጋሮችን አካሄድ ከአንድ ጂን ለውጥ ጋር አያይዘውታል፤ ጂኑ የሚሠራው በአከርካሪ ውስጥ የእግሮችን ተራ በሚያቀናብሩ ነርቮች ላይ ነው። እዚህ አገር ሰጋር በቅሎ የሚፈልግ ሰው ሰጋር ባዝራን ከአህያ ጋር ያዳቅላል፤ ውርንጭላዋ ብዙ ጊዜ የእናቷን አካሄድ ይዛ ትወጣለች። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ብለን ስንስቅባት ኖረናል። ዳማ ግን በእናቷ ወገን ብትኮራ እውነት ነበራት፤ ያን መልካም እርምጃ የሰጧት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጠያቂው ወንድሜ ልመለስ። ፈረስህ ጥርሱን የሚያጋጨው እየሄደ፣ ከኮቴው ምት ጋር፣ አንገቱ እየተነቀነቀና ጆሮው ላልቶ ከሆነ ደስ ብሎታልና ተወው፤ አብረኸው ደስ ይበልህ። ቆሞ ሳለ ጥርሱን ካፋጨ፣ ድምፁም ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ብረት ከሆነ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጭራውን ካወናጨፈ፣ መኖ ካስቀረ፣ ያ ሌላ ነው። ሆዱን ወይም ጥርሱን አሞት ይሆናልና የእንስሳት ሐኪም ጥራለት። ውርንጭላ ከሆነና ትልልቆቹ ፊት አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ካጨበጨበም አትደንግጥ፤ ልጅ ነኝ አትምቱኝ ማለቱ ነው። የአፍንጫውን ጠፍር ስታስር ደግሞ ሁለት ጣትህ ከሥሩ በቀላሉ መግባት አለበት። ጠፍር አጥብቆ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። ሕመሙ ግን እዚያው ይቀራል፤ ምልክቱን ብቻ ነው የምታጣው።

እዚህም ሰው ሁሉ ደግ አይደለም። ለትርዒት እግሩን አጋንኖ እንዲያነሣ ሲሉ የፈረሱን ቁርጭምጭሚት በሚያቃጥል ኬሚካል የሚቀቡና በላዩ ሰንሰለት የሚያስሩ ነበሩ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ይህን የሚከለክል ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። እንዲህ የተሠቃየ ፈረስ አንድ ጊዜ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ አይቻለሁ። እግሩ እስከ ደረቱ ይነሣል፤ ዓይኑ ግን የዳማን ዓይን ነው ያስታወሰኝ፣ በገበያው ቀን ያየሁትን። ሕመም እግርን ከፍ ማድረግ ይችል ይሆናል። ላላ ያለ መንጋጋ ግን ሊሰጥ አይችልም።

ለጋዜጣችሁ የምጽፈው መልሱን ለማረም ብቻ አይደለም። እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ለአረማመድ ብቻ ሰጋር፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ የሚሉ ቃላት አሉን። ይህን ሁሉ የለየ ሕዝብ፣ ደስ ያላት በቅሎ በጥርሷ ለምታሰማው ድምፅ ስም ሳያወጣ ቀረ ብዬ ማመን አቃተኝ። እኔ ከአባቴ ቤት «ዳዊት መያዝ» የሚለውን ብቻ ነው ይዤ የወጣሁት። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞች ምን ይሉታል? የሰላሌና የአርሲ ባለ ፈረሶችስ? በመንዝ፣ በላስታ፣ በጎጃም በሰጋር በቅሎ ደብር የተሳለሙ አዛውንት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ይህን ጋዜጣ በስልክ ያነባሉ። እባካችሁ ጠይቋቸውና ለዝግጅት ክፍሉ ላኩለት። ድምፁን ምን ትሉት ነበር? በየትኛው መንገድ ላይ፣ በምን ሰዓት ትጀምር ነበር? ስትተወውስ ምን አገኛችሁባት?

ጥያቄዬን በአንባቢያን ዓምድ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚላከውን መልስ ሁሉ ለሽማግሌው እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ፤ ቦራ ላይ መቀመጥ ካቆሙ ጥቂት ወራት ሆኗቸዋል፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። አሁን የምቀመጥባት እኔ ነኝ። እስካሁን በእኔ ሥር ዝም ብላለች። ባለፈው እሑድ፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ከአጥሩ በር አጠገብ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አለችና ተወችው።

አክባሪያችሁ
የመንዟ ቄስ ልጅ፣ ከቴነሲ