ዘፈኑን ከየት ትገዛለህ?

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምክ? ተጠፋፋን እኮ! እኔ ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃንም ደህና ናት፤ ብርዷ እንደሆነ ታውቀዋለህ። እትዬን ባለፈው ገበያ አግኝቻቸው ስላንተ ስናወራ ዋልን።

ያኔ «ዘፈን በኢንተርኔት ልገዛ ፈልጌ ምርጫው በዛብኝ» ብለኸኝ ነበር። በየወሩ ከፍለህ የምትሰማው መተግበሪያ ላይ «አውርድ» የሚለው እንዳያታልልህ። ክፍያው የቆመ ዕለት ዘፈኑም ይቆማል። የገዛኸው ፋይል ግን ያንተው ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋም ትሰማዋለህ።

እኔ ብሆን ዘፋኞች ዘፈናቸውን ከሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ከባንድካምፕ፣ እጀምራለሁ። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው በአብዛኛው 15 በመቶ ነው። የክፍያ ማስተላለፊያው ከተነሳለት በኋላ የቀረው ለዘፋኙ ወይም ለአሳታሚው ይሄዳል። አንዴ ከከፈልክ ኤምፒስሪውንም ፍላኩንም ማውረድ ትችላለህ። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል የታመቀ ፋይል ነው፤ ቦታ ግን ይበላል። ኤምፒስሪ ደግሞ ቦታ እንዲቆጥብ ከድምፁ የተቀነሰለት ነው። ከፍላክ ኤምፒስሪ ይወጣል፤ ከኤምፒስሪ ግን የጎደለው አይመለስም። ስለዚህ ፍላኩን ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጥ፣ ለስልክህ ኤምፒስሪው ይበቃል። «ጆሮዬ ልዩነቱን ይለያል» የሚሉትን፣ በተለይ በሚኒባስ ስፒከር የሚሰሙትን፣ ብዙም አላምናቸውም።

የአገራችን ልጅ ኃይሉ መርጊያም እዚያ አለ። ደብረ ብርሃን መወለዱን ታውቅ ነበር? የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ማለቴ ነው። አሜሪካ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ከሱ ብትጀምር ደስ ይለኛል።

የአፕል ኩባንያ የዘፈን መደብር አይቲዩንስም አይከፋም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የሚሸጣቸው ዘፈኖች ቁልፍ የለባቸውም፤ በፈለግከው ማጫወቻ ትከፍታቸዋለህ። ፍላክ ግን አይሰጥህም። የፈረንሳዩ ኮቡዝ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ በሁሉም አገር አይሸጥም። ያለህበትን አገር አይተህ ሞክረው።

እዚህ ሙዚቃ ቤት ሄደን ሚሞሪ እናስጭናለን። ርካሽ ነው፤ ዘፋኙ ግን ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። እኔ እንደሆነ የውጭ ካርድ ከየት አመጣለሁ?

ባንድካምፕ ላይ ለሌላ ሰው በስጦታ ገዝቶ መላክ እንደሚቻልም አትርሳ። ኢሜይሌ የድሮው ነው፤ አልቀየርኩትም።

ወዳጅህ፣
ከደብረ ብርሃን