ለአባዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩ» ነው የምትለኝ። ሰሚራ ነግራኛለች። ሲኒው ከእጅህ እንደወደቀ፣ ግራ እጅህ እስከ መግሪብ ደንዝዞብህ እንደዋለ፣ «ለፈቲያ እንዳትነግሪያት» እንዳልካትም ጭምር። እሷን እንዳትቆጣት። ድምጿ ልክ አልነበረም፣ ካልነገርሽኝ ስልኩን አልዘጋም ብዬ ይዣት ነው።

ባለፈው ጁምዓ ስትጮህብኝ ምንም አልመለስኩልህም። የሰፈር ልጅ በስልኩ የቶርኔዶ፣ የዚያ ከደመና የሚወርድ አዙሪት ነፋስ፣ ቪዲዮ አሳይቶህ «ልጅዎ እዚህ ውስጥ ነው የምትገባው» ብሎሃል አሉ። «ልጆች ያሏት ሴት ነፋስ ታባርራለች?» አልከኝ። በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። ዓይንህ ስለማያይልህ ሰሚራ ቀስ ብላ ታንብብልህ።

አባዬ፣ ውስጥ አንገባም። እኔ ሾፌር ነኝ፣ እንዳንተ። ማዕበል ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ ቫን ሙሉ አድርጌ እወስዳቸዋለሁ። ግንቦት ዋናው ወቅት ነው። ጠዋት ተነስተን እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ፣ ኖርማን ከተማ ያለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል የሚያወጣውን ካርታ እናያለን፣ አደጋውን በ5 ደረጃ ነው የሚከፍለው። ከዚያ ወደዚያ አካባቢ እንነዳለን፣ ነዳጅ እንሞላለን፣ ከማደያው ጥላ ሥር ቆመን እንጠብቃለን። ቀናችን የሚያልቀው በመጠበቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንተ ብታየው ዛሬ ጠብታ የለም ብለህ ትሄድ ነበር።

ግን ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ እርጥብ አየር ይመጣል። ከምዕራብ ደግሞ የበረሃው ደረቅ አየር ይገፋል። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ አየሩ ሽቅብ ሊወጣ ይታገላል፣ ከላይ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ይጫነዋል። ክዳኑ ካልተነሳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፣ እንግዶቹም ያኮርፋሉ። ከተነሳ ግን አስር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትንሽ የነበረች ደመና ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ትወጣለች። እኛ ጋ ደመናውን ወደ ላይ የሚገፋው ተራራው ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ እያለ ጦሳ ላይ ሲጠቁር ታውቀው የለ? እዚህ ተራራ የለም፣ ዓይንህ እስኪደክም ሜዳ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ነፋሱ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሲቀይር ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ሱፐርሴል ይሉታል። ከሚዞሩትም ቶርኔዶ የሚያወርዱት ጥቂቶቹ ናቸው።

ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚጓዙ እኔ ሁሌ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው የምቆመው። ከዚያ በኩል ዝናቡ አይጋርደንም፣ የደመናው ሥር ይታያል። የመኪናዋን አፍንጫ ደግሞ ወደ ማምለጫው መንገድ አዙሬ ነው የማቆማት። ይህን ከማን እንደተማርኩት አንተ ታውቃለህ።

የሞተ የለም ብዬ አልዋሽህም። ቲም ሳማራስ የሚባል፣ ከሁሉም ጠንቃቃ ነው የሚሉት ተመራማሪ፣ በፈረንጆቹ 2013 ሜይ 31 እዚሁ ኦክላሆማ ኤል ሪኖ አጠገብ ሞቷል። የቶርኔዶው ስፋት 4.2 ኪሎ ሜትር ነበር፣ በዝናብ ተሸፍኖ ድንገት አቅጣጫና ፍጥነት ቀየረ። የሥራ ባልደረባው ካርል ያንግ አብሮት ሞተ። ልጁም አብሮት ነበር፣ ፖል፣ 24 ዓመቱ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ስለ አባትና ልጁ አስባለሁ። ለዚህ ነው ዝናብ የጋረደው ነገር አጠገብ የማልደርሰው። እንግዶቹ «ትንሽ ጠጋ በይ» ሲሉኝ አልሰማቸውም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እኛ ቆመን ሰማይ የምናይበት ሰዓት፣ አስር ሰዓት፣ እናንተ ጋ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ሁላችሁም ተኝታችኋል። በዚያ ሰዓት ስልኬ ጠርቶ የሰሚራ ስም ቢወጣ...

ያሲን የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ «ሰ» ማለት አቅቶት ያስቃል፣ ሐያት ደግሞ ታርመዋለች። ትምህርት ቤት የቶርኔዶ ልምምድ አላቸው። ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርገው ይንበረከኩና እጃቸውን አናታቸው ላይ ያጣምራሉ። ሐያት ቤት ውስጥም አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ታለማምዳቸዋለች። እንጀራ ይወዳሉ። ያሲን በርበሬ ለምዷል። ቁመቱ የአጎቱን ሊሆን ነው።

ያሲን ያልኩት ሆን ብዬ ነው አባዬ። ስሰይመው ስልክ ላይ ዝም አልክ። እስከ ዛሬም «ልጁ እንዴት ነው?» ነው የምትለኝ፣ አንድ ቀን በስሙ ጠርተኸው አታውቅም።

ሰሚራ፣ እዚህ ላይ እንዳትዘይው። አንብቢለት።

ያኔ ወንዙ ሞልቶብህ ከባቲ ማዶ ቆመህ ነበር። በመቆምህ አልወቅስህም። ወንዝ ሲሞላ የሚቆም ሾፌር ነው ቤቱ የሚገባው፣ ይህንንም ያስተማርከን አንተ ነህ። እማዬም በዚያ ወቅሳህ አታውቅም። እኔ የያዝኩብህ ከመጣህ በኋላ ያለውን ነው። መኪናውን ደጅ አቆምክ። አጎቴ ወጥቶ አቅፎ የወንድሜን የያሲንን ሞት ነገረህ። አንተ ባልዲ አነሳህ። ከጎማው ጥርሶች መሃል ጭቃውን በጣትህ እየፈለፈልክ፣ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው፣ እስኪመሽ አጠብክ። እማዬ አራስ ወገቧን ታጥቃ ውሃ አመላለሰችልህ። ቀብሩ ጋ አልሄድክም። በማግስቱ ጭነት አለብኝ ብለህ ወደ አሰብ ወረድክ። ስሙን ከዚያ ወዲያ ከአፍህ አልሰማሁም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ አየኸኝ፣ «ሳሙና አምጪ» አልከኝ። አመጣሁልህ።

ከዚያ በኋላ ጦሳ በጠቆረ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅህ ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ወንዙ ያግደዋል እያልኩ። ሰማይ ማየት የጀመርኩት እዚያ በር ላይ ነው። አንተ ግን አንድም ቀን ማን ጠበቀኝ ብለህ አልጠየቅክም። አሁን አንተ በተራህ ሌሊት ተነስተህ «ፈቲያ ገባች ወይ?» እያልክ ሰሚራን በስልክ እንደምትቀሰቅስ ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ አባዬ፣ አልደብቅህም። ከፋኝም።

ለዳቦና ለትምህርት ያወጣኸውን አልረሳሁም። ሁላችንም ሰው የሆንነው በዚያ መሪ ነው። አላህ ይስጥልኝ።

አሁን የምልህን ስማ። የግፊት ክኒኑ ሲሻልህ የሚተው አይደለም፣ በየቀኑ ነው የሚዋጠው። እጅህ ደግሞ ቢደነዝዝ፣ አፍህ ቢጣመም ወይ ንግግርህ ቢተሳሰር፣ ቢያልፍልህም እንኳ፣ «ነገ ይሻለኛል» የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ለምርመራውና ለዓይንህ ኦፕራሲዮን የሚሆን ብር ለሰሚራ ልኬያለሁ፣ ለድግስ እንዳይውል። ከቤቱ ጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ተሰንጥቋል ብላኛለች። ዳገቱ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ምን እንደሚያደርግ ደሴ ላሳደገችው ሰው አልነግርህም። ቦዩ ይጠረግ፣ አንተ ግን ክረምቱ ሳይገባ ኮምቦልቻ ሰሚራ ጋ ውረድ። ሙቀቱን አልችለውም አትበለኝ፣ አሰብን የቻልክ ሰው ነህ። መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ባሕር ዛፉ ሥር አትቀመጥ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ቁጠር፣ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርስ ከጮኸ ቤት ግባ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈም በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይ።

ለሐምሌ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ያሲንን ይዘን ቀብሩ ጋ እንድንሄድ እፈልጋለሁ፣ ሦስታችን። እምቢ ካልክ አሁኑኑ በጁምዓው ስልክ ንገረኝ፣ እዚያ ደርሼ በር ላይ ቆሜ እንዳልሰማው።

ልጅህ ፈቲያ